ልመና ሄዳ እልል ያለች መኪና

"የመኪና ኤሌክትሪክ አላውቅም" የሚል ወንድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በበኩሌ አላየሁም! የሚያበላሽ አይቻለሁ፣ የሚያቃጥል አይቻለሁ፣ "አላውቅም" የሚል ግን በዚህ ዕድሜዬ አልገጠመኝም። ካላመናችሁኝ ነገ መኪናችሁን መንገድ ዳር አቁሙና ኮፈኑን ክፈቱት። ከባንክ የወጣው፣ ለቅሶ የሚሄደው፣ ሚስቱ ሽንኩርት ግዛ ብላ የላከችው... ሁሉም ጎራ ይላል። አንዱ አንገቱን አስግጎ "ባትሪው ነው" ይላል። ሌላው "ኧረ ዲናሞው ነው!" ይላል። ሦስተኛው ግን ምንም አይልም፤ ዝም ብሎ እጁን ይሰድና አንዱን ሽቦ ይነቀንቃል።

ያ ሦስተኛው ሰውዬ እኔ ነኝ። ዛሬ የማጫውታችሁም ሽቦ ነቅንቄ የታናሽ ወንድሜን ትዳር ገና ሳይጀመር ላፈርሰው ምን ያህል እንደቀረኝ ነው።

መጀመሪያ መኪናችንን ላስተዋውቃችሁ። አስካለ ትባላለች። ስሙን ያወጣችላት ባለቤቴ መሠረት ናት። "አሮጊት ናት፣ ኩሩ ናት፣ ስታኮርፍ ደግሞ ምክንያቷን አትናገርም፤ ቁርጥ አክስቴን!" ብላ በአክስቷ ስም ጠራቻት። አክስቷ ይህን አያውቁም። እኔ የምጽፈውን ደግሞ አንብበው ስለማያውቁ እዚህ ብነግራችሁ ምንም አይመጣብኝም።

አስካለ ብዙ ጠባይ አላት። የኋላ በሯ ከውጭ ብቻ ይከፈታል። ኮፈኗን ከውስጥ የሚከፍተው ገመድ ከተበጠሰ ዓመት ስላለፈው፣ ኮፈኑ የሚከፈተው ከፊት ባለው ክፍተት የጭልፋ እጀታ አስገብቶ ወደ ላይ በመግፋት ነው። አዎ፣ ጭልፋ! የወጥ ጭልፋ። ሌሎች ሰዎች መኪናቸው ውስጥ ክሪክና ትርፍ ጎማ ይይዛሉ፤ እኔ ከነዚህ ሌላ ጭልፋ እይዛለሁ። ይህን ጭልፋ በልባችሁ ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

እናም ሐሙስ ዕለት አስካለ ድምፅዋ ጠፋ። ጥሩምባዋን ብጫናት ጭጭ! ሌላ ከተማ ቢሆን ግድ አይሰጠኝም ነበር። ሀዋሳ ውስጥ ግን ያለ ጥሩምባ መንዳት በሕይወት መቀለድ ነው። ባጃጁ ከቀኝ ይመጣል፣ ከግራ ይመጣል፣ አንዳንዱማ ከየት እንደመጣ እሱም አያውቀውም። እሱ ጥሩምባ ይነፋል፣ እናንተ ትመልሳላችሁ፣ በዚህ ተግባብታችሁ ትተላለፋላችሁ። ካልመለሳችሁ ግን ሰላምታ እንደነፈገ ሰው ነው የሚቆጥራችሁ።

ይህም ቢሆን እስከ ሰኞ ሊቆይ ይችል ነበር። ያልቆየው ቅዳሜ ጠዋት ሽምግልና ስለነበረብን ነው። ወንድሜ ታምራት በሠላሳ አራት ዓመቱ፣ እናታችን ጸልያ ጸልያ ተስፋ ልትቆርጥ ስትል፣ ቤተልሔም የምትባል ልጅ አገኘ። ልጅቷ እንዴት ያለች ልጅ መሰለቻችሁ! አንድ ጊዜ ቤታችን መጥታ ልጆቼን ሳትቆጣ የቤት ሥራ አሠርታቸዋለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መሠረት "ይህቺ ልጅ ካመለጠችው ታምራትን አላናግረውም" ብላ ምላለች።

ችግሩ አባቷ ናቸው። ጋሽ ዘለቀ ይባላሉ። ታምራት ስለ እሳቸው የነገረን ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ጡረተኛ ናቸው፣ ሥርዓት ይወዳሉ። ሥርዓት መውደዳቸውንም በማስረጃ ነው የነገረን። ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎችን ሩብ ሰዓት አርፍዳችኋል ብለው ከበር መልሰዋቸዋል። እነዚያም ሽማግሌዎች ዳግመኛ አልመጡም።

"ወንድሜ፣" አለኝ ታምራት እጄን ይዞ፣ "ሕይወቴ በእጅህ ነው።"

ያላየው ነገር በሌላኛው እጄ ካቻቢቴ መያዜን ነው።

መሠረት አስቀድማ ነግራኛለች፤ አልክድም። "የሚኪ አባት፣ ኤሌክትሪሺያን ጥራ" አለችኝ። ጠራሁ። የኛው ሰውዬ ለለቅሶ ገጠር ሄዷል። ሌላው "ሰኞ አምጣት" አለኝ። "እንግዲያው ሚኒባስ ኮንትራት ያዙ" አለች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው፤ ሚኒባሱን ብይዘው ኖሮ ዛሬ የምጽፍላችሁ ነገር አይኖርም ነበር። እኔ ግን ደረቴን ነፋሁ።

"አንቺ፣ የቤተክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ ስድስት ዓመት ያስተዳደረ ሰው አንድ ጥሩምባ ያቅተዋል? ሃያ አራት መስመር ሽቦ እኮ ነው በየሳምንቱ የምሰካው የምነቅለው!"

"ባለፈው እሁድ ስብከቱ መሃል የጮኸውስ?"

"እሱ... ማይክራፎኑ ነው።"

"እሺ፣" አለች ወደ ጓዳ እየገባች፣ "ጥሩምባውም ሲጮህ ጥሩምባው ነው ትላለህ።"

ይህቺ ሴት አንዳንድ ጊዜ ታስፈራኛለች።

ዓርብ ከሰዓት ሥራ ጀመርኩ። ስልኬን ዳሽቦርዱ ላይ ደግፌ፣ ቋንቋውን የማልሰማው አንድ ሰውዬ የሚያስተምርበት ቪዲዮ ከፈትኩ። ሰውዬው ፊውዞቹን አንድ በአንድ ሲነቅል እኔም አንድ በአንድ ነቀልኩ። እሱ ሲመልስ ግን እኔ የትኛው የት እንደነበረ ጠፋኝ። በቀለም መለስኳቸው፤ ቀዩን ከቀይ ጎን፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ ጎን፣ እንደ ልጆች መጫወቻ። ደግነቱ ምንም አልፈነዳም።

ቀጥሎ ጥሩምባዋን ፈትቼ ቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኘኋት። ፊቴ ላይ "ጲይይይ!" አለች። የጎረቤት ውሻ አጥር ዘለለ። እሰይ! ጥሩምባዋ ጤነኛ ናት፤ የታመመው ሽቦው ነው ማለት ነው። ቪዲዮ ሳላይ በራሴ የደረስኩበት ግኝት ስለሆነ መሠረትን ጠርቼ አሳየኋት። ውሻውን ነው ያየችው።

ከዚህ በኋላ መሪው ሥር ገብቼ በጀርባዬ ተኛሁ። እዚያ ያለውን ሽቦ ብዛት አትጠይቁኝ! የትኛው የጥሩምባ፣ የትኛው የመብራት እንደሆነ ለማወቅ አንድ አምስቱን በቢላ ላጥ ላጥ አድርጌ በባትሪ መብራት አምፖል ሞከርኳቸው። አምፖሉ አንዳንዴ ይበራል፣ አንዳንዴ አይበራም፤ እኔም ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ መስሎኝ ራሴን እነቀንቃለሁ። በመጨረሻ "ምን አደከመኝ!" አልኩና ከባትሪው አዲስ ገመድ ስቤ መሪው ላይ ባለው የጥሩምባ መጫኛ በኩል አድርጌ ወደ ጥሩምባዋ ወሰድኩት። ገመዱ ከቤተክርስቲያን የተረፈ የማይክራፎን ገመድ ነው። ከዚያ የላጥኩትንም ያልላጥኩትንም ሽቦ አንድ ላይ ጠቅልዬ በጥቁር ፕላስተር ግጥም አድርጌ አሰርኩት። ሥራ አለቀ!

ጥሩምባዋን ተጫንኩ። "ጲጵ!" እንዴት ደስ ይላል! ዳሽቦርዱ ላይ ደግሞ ያቺ የፍሬቻ አረንጓዴ ቀስት አብራ ብልጭ አለች። አስካለም ደስ ብሏት ነው ብዬ አለፍኩት።

አሁን "ፍሬቻውን ለምን አልሞከርከውም?" ትሉኝ ይሆናል። አትዘኑብኝና፣ እኔ ፍሬቻ አልጠቀምም። መንጃ ፈቃድ ስፈተን አብርቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ወደ ግራ ስታጠፍ እጄን በመስኮት አወጣለሁ፣ ወደ ቀኝ ስታጠፍ ደግሞ አንገቴን አሰግጋለሁ፤ ሰዉ ከዓይኔ ይረዳኛል። ስለዚህ ፍሬቻ የሚባል ነገር አስካለ ላይ መኖሩን ራሱ ረስቼዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት መሠረት አስካለን ውስጧን ውጭዋን አጥባ፣ ጠራርጋ ሰጠችኝ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን። ከከተማው ዳር ከቡሹሎ አጎቴን ዳንጊሶን አሳፈርኩ፤ በሲዳማ ሽማግሌዎች ዘንድ ቃላቸው የሚከበር፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው፤ ከኋላ ተቀመጡ። ቀጥዬ የቤተክርስቲያናችንን ሽማግሌ ጋሽ ጴጥሮስን ከቤታቸው ወሰድኩ፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ከፊት ከጎኔ ተቀመጡ፣ የወንበር ቀበቶም አሰሩ። የአስካለን ቀበቶ ያሰረ ሰው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። ሦስተኛው ሽማግሌ እኔ ነኝ፤ ዕድሜዬ ባይደርስም መኪናው የኔ ስለሆነ።

ሽምግልና የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ ዝቅ ብሎ ነው የሚገባው። ድምፁን ዝቅ፣ ትከሻውን ዝቅ። "ቁጭ በሉ" ሲባል "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ይላል። የልጅቷ ቤተሰብም በሬ ጥለው ቢጠብቁም እንኳ "በሰላም ነው የመጣችሁት?" ብለው ምንም እንደማያውቁ ይሆናሉ። ልመናው ከተሰማ በኋላም እሺ አይሉም፤ "ከዘመድ ጋር መክረን እንነግራችኋለን" ይላሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ልጅቷ እንዳልቀለለች፣ ጠያቂውም እንዳልደፈረ እንዲታወቅ ነው። አጎቴ ዳንጊሶ መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ሲመክሩኝ ነበር።

"ልጄ፣ ዛሬ ለማኞች ነን። ለማኝ ደጅ ላይ ድምፁን ከፍ አያደርግም።"

"እሺ አጎቴ።"

"ኮቴህ እንኳ እንዳይሰማ።"

"እሺ አጎቴ!"

መሃል ከተማ ደረስን። ሰዓታችንም ልክ ነው፤ አምስት ደቂቃ ቀርቶናል። መንገድ ላይ ለሁለት ባጃጅ "ጲጵ" ብያለሁ፤ ሁለቱም መልሰውልኛል። ደስታዬ ወደር አልነበረውም። የእነ ጋሽ ዘለቀን ሰፈር መታጠፊያ ሳይ እንደ ልማዴ ግራ እጄን በመስኮት አወጣሁ።

"ልጄ፣" አሉ ጋሽ ጴጥሮስ ቀስ ብለው፣ "እጅህን አስገባ። ፍሬቻ ምን ሊሠራ ተሠራ?"

ሽማግሌ ካዘዘ ምን ይደረጋል? ፍሬቻውን አበራሁ።

ጲጵ! ጲጵ! ጲጵ! ጲጵ!

መጀመሪያ ሌላ መኪና መስሎኝ ዞር ዞር አልኩ። ጋሽ ጴጥሮስም ዞር አሉ። አጎቴ ዳንጊሶ ግን ከኋላ ሆነው "የኛ ናት" አሉ፣ ምንም ሳይቸኩሉ። ፍሬቻውን መለስኩት። ጲጵ! ጲጵ! ጥሩምባውን በጡጫ መታሁት። ጲጵ! ጲጵ! ጲጵ! ለያዥ ለገናዥ አስቸገረች። መብራቷ ብልጭ፣ ጥሩምባዋ ጲጵ፣ መብራቷ ብልጭ፣ ጥሩምባዋ ጲጵ... ቅዳሜ ነው፣ መኪናዋ ታጥባ ታበራለች፣ በነጭ ጋቢ የተጀቦኑ ሽማግሌዎች ተሳፍረውባታል። እናንተ መንገድ ዳር ብትሆኑ ምን ትላላችሁ?

"ሠርግ ነው!" ትላላችሁ። እነሱም ያሉት ይህንኑ ነው።

ሀዋሳ ደግሞ ሠርግ ብቻውን አያሳልፍም! መጀመሪያ አንድ ባጃጅ ከኋላችን ገባና በሚያምር ድምፅ አጀበን። ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ አራት። ከውበት ሳሎን አራት ሴቶች ፀጉራቸውን እንደጠቀለሉ ወጥተው እልልታቸውን አቀለጡት። አንዱ ባጃጅ ነጂ በጎናችን ተጠግቶ ውስጣችንን ቃኘና "ሙሽራዋ የታለች?" አለኝ።

"የለችም! ሂድልኝ!"

ጋሽ ጴጥሮስን አያቸው፤ ነጭ ለብሰው፣ ቀበቶ አስረው፣ ፊት ለፊት እያዩ ተቀምጠዋል። "ወይኔ! ሙሽራው ጋሼ ናቸው እንዴ? እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ!"

"ጌታ ይባርክህ፣" አሉት ጋሽ ጴጥሮስ። ምን ይበሉ?

እነ ጋሽ ዘለቀ በር ላይ አቁሜ ቁልፉን አጠፋሁ። ሞተሩ ጠፋ። ጥሩምባው አልጠፋም! ከመሪው ሥር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ኮፈኑን ከፍቶ የባትሪውን ገመድ መንቀል። ዘልዬ ወረድኩና ከኋላ እቃ መጫኛውን ከፍቼ ጭልፋውን ፈለግሁ። የለም። ምንጣፉን አነሳሁ። የለም! ደወልኩ።

"መሠረት! ጭልፋው የት ነው?"

"ወጥ ውስጥ።"

"የመኪናው ጭልፋ!"

"እሱን እኮ ነው የምልህ። የሽማግሌ መኪና ውስጥ ጭልፋ ያሳፍራል ብዬ አወጣሁት፤ አሁን ዶሮውን እያማሰልኩበት ነው። ምነው፣ ምሳ ራሳችሁ አውጡ አሏችሁ?" ከዚያ ጩኸቱ ጆሮዋ ገባ። "ደግሞ ምንድን ነው የሚጮኸው?"

ጥሩምባው ነው አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ!

በዚህ መሃል ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። ታምራት ነው። ወሬ ይጠብቅ ዘንድ ሁለት መንገድ ወዲያ ጭማቂ ቤት ተቀምጧል። "ጥሩምባ ሰማሁ!!! እሺ አሉ እንዴ? እግዚአብሔር ይመስገን!!! እያለቀስኩ ነው" ይላል። እውነት እላችኋለሁ፣ እስከዚያች ደቂቃ ሐፍረት ብቻ ነበር የተሰማኝ፤ ይህን ሳነብ ግን ኮፈኑን በጥፍሬ መፈልቀቅ ጀመርኩ። ወንድሜ ጭማቂ ቤት በደስታ እያለቀሰ ነው፤ እኔ ደግሞ ትዳሩን በማይክራፎን ገመድ አንቄ ይዤዋለሁ።

በሩ ተከፈተ።

ጋሽ ዘለቀ ረጅም፣ ቀጭን፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገት የቆለፉ ሰው ናቸው። ወጥተው ቆሙ። አስካለን አዩ። ሰባቱን ባጃጅ አዩ። ከሳሎኑ ተከትለውን እልል የሚሉትን ሴቶች አዩ። ከኋላቸው ባለቤታቸው አፋቸውን በነጠላ ይዘው ቆመዋል። በመስኮቱ መጋረጃ በኩል ደግሞ የአንዲት ልጅ ግማሽ ፊት አየሁ፤ ቤተልሔም ናት፤ ቀለሟ ተለውጧል።

አጎቴ ዳንጊሶ ዝቅ ብለው ቀረቡ። ድምፃቸውን ግን ዝቅ ማድረግ አልቻሉም፤ ማን ይሰማቸዋል?

"እንደምን አደራችሁ!" ብለው ጮኹ። ጲጵ! "እኛ የመጣነው!" ጲጵ! "በትሕትና!" ጲጵ! ጲጵ! "ደጅ ልንጠና!"

ጋሽ ዘለቀ ፊታቸው ድንጋይ ሆነ። "ልትጠይቁኝ ነው የመጣችሁት፣" አሉ፣ "ወይስ ወስዳችሁ ስታበቁ ልትነግሩኝ?"

አለቀ! በቃ፣ ታምራት ላጤ ሆኖ ሊያረጅ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ጋሽ ጴጥሮስ ይቅርታ ሊጠይቁ አፋቸውን ሲከፍቱ ጋሽ ዘለቀ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው። እኛን ማየት ትተዋል። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እያዳመጡ ነው፤ ሐኪም የታማሚ ደረት እንደሚያዳምጠው።

"ይሄ የጥሩምባ ድምፅ አይደለም፣" አሉ ለራሳቸው። "አመታቱ የፍሬቻ ነው።"

ወደ ቤት ገቡና መነጽራቸውን አድርገው፣ ያረጀች የቆዳ ቦርሳ ይዘው ተመለሱ። ኮፈኑን አንድ ቦታ ላይ በመዳፋቸው ጧ! አደረጉት። ተከፈተ! እኔ አንድ ዓመት ሙሉ በጭልፋ ስታገለው የነበረው ኮፈን! ከቦርሳዋ ቁልፍ አውጥተው የባትሪውን ገመድ ፈቱ።

ዝም አለ። እንዲህ ያለ ዝምታ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ባጃጆቹም ዝም አሉ። አንዷ ሴትዮ ብቻ እልልታዋን ከመሃል ጀምራው ስለነበር ጨረሰችው።

ጋሽ ዘለቀ መሪው ሥር ጎንበስ ብለው ገቡ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ያን የኔን ጥቅልል፣ ፕላስተሩ ቀልጦ የሚያጨሰውን፣ በሁለት ጣት ይዘው ጎትተው አወጡት።

"ይሄን ማነው ያሰረው?"

ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ማየት ጀመርኩ። ሐይቁ ከዚያ አይታይም፤ ቢሆንም አየሁ። ሦስት ሰከንድ ያህል "ጋራዥ ነው" ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አጎቴ ዳንጊሶ ግን ያውቁኛል። አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ።

"ሃላሌ።"

ሃላሌ ማለት በሲዳምኛ እውነት ነው፤ ግን እንዲያው ተራ እውነት አይምሰላችሁ። ሽማግሌ ይህን ቃል ከጠራ በኋላ የሚዋሽ ሰው ከሰው አይቆጠርም። አንገቴን ደፋሁ።

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"ይሄ ገመድ ምንድን ነው?"

"የማይክራፎን።"

"ለዚህ ነዋ፣" አሉ፣ "መስበኩን የማያቆመው!" ጋሽ ጴጥሮስ ሳል መሰል ነገር አሳሉ። "እዚህ ጋ የፍሬቻውን ሽቦ ልጠህ ከጥሩምባው ጋር አንድ ላይ አስረኸዋል። ገመዱ ቀጭን ነው፤ ሲግል ፕላስተሩን አቀለጠውና ከባትሪ የመጣውም ተጨመረበት። መኪናዋ ከነሰው ልትቃጠል ነበር፤ ይገባሃል? ለመሆኑ አንተ የልጁ ምኑ ነህ?"

"ወንድሙ።"

"የአባት ወይስ የእናት?"

"የእናትም የአባትም ጋሼ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "እሱም እንዲህ ይነካካል? ልጄ የምትገባበት ቤት ሽቦው እንዲህ ነው የሚታሰረው?"

ይኸውላችሁ፣ እዚህ ጋ ሁሉም ነገር በኔ አፍ ላይ ወደቀ። ደግሞም ሃላሌ ተጠርታለች።

"ጋሼ፣" አልኩ፣ "ታምራት የማያውቀውን ነገር በሕይወቱ ነክቶ አያውቅም። ቤቱ አምፖል ሲቃጠል ባለሙያ እስኪመጣ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ አራት ቀን ጠብቋል። ቤተሰቡ በሙሉ ሰነፍ እንለዋለን። እኔማ 'ወንድ አይደለህም' ብዬው አውቃለሁ።"

ጋሽ ዘለቀ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ የፊታቸው ድንጋይ ከዳር በኩል መሰንጠቅ ጀመረ።

"አራት ቀን?"

"አራት ቀን።"

"ሠላሳ ዓመት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነበርኩ፣" አሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው። "መኪና በራሱ ተበላሽቶ የመጣልኝ ጥቂት ነው። የቀረው በሙሉ እንዲህ ያለ ሰው ነካክቶት የመጣ ነው። እጁን የሚሰበስብ ሰው ግን... እንዲህ ያለ ሰው አለ እያልኩ ስፈልግ ጡረታ ወጣሁ።" ታምራት ይህን ሁሉ አልነገረንም! ጡረተኛ ናቸው አለ እንጂ ከምን ጡረታ እንደወጡ ሊናገር አላሰበም። እኔም አልጠየቅሁትም።

"በሉ ግቡ፣" አሉን በሩን ወለል አድርገው ከፍተው።

ገባን። ወንበር አሳዩን። አጎቴ ዳንጊሶ ሥርዓታቸውን አልረሱም። ቀጥ ብለው ቆመው፣ ድምፃቸውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገው "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ።

"ጉዳያችሁንማ ከተማው ሁሉ ሰማው እኮ!" አሉ ጋሽ ዘለቀ። "ይልቅ ተቀመጡ!"

እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ባለቤታቸው ሳቁ፣ ጋሽ ጴጥሮስ ሳቁ፣ ከውስጥ ክፍል ደግሞ አንዲት ልጅ ስትስቅና ስታለቅስ ሰማን። ልጅቷን በዚያው ቀን፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ ሰጡን። "ደግሞ ብቀጥራችሁ በምን ድምፅ እንደምትመጡ አይታወቅም" ነው ያሉት። ለታምራት ደወልኩለት። "አውቄያለሁ፣ ቅድም ጥሩምባውን ሰምቼ!" አለኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ያን ጥሩምባ የነፋሁት እሺ ሲሉን ይመስለዋል። እናንተም አትንገሩት።

ስንወጣ አስካለ በሥርዓት ተሠርታ ቆማለች። ጋሽ ዘለቀ እኛ ቡና ስንጠጣ ወጥተው ሁሉን ሽቦ በየቦታው መልሰውታል፣ የኮፈኑን ገመድ ሳይቀር ቀጥለውታል። ግራ ፍሬቻ አበራሁ፤ ብልጭ። ቀኝ አበራሁ፤ ብልጭ። ድምፅ የለም። ጥሩምባውን ተጫንኩ። አሁንም ድምፅ የለም። ቀና ስል ጋሽ ዘለቀ ጥሩምባዬን በብብታቸው ይዘዋታል።

"ጋሼ፣ ጥሩምባዋስ?"

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩና፣ ያን ለልጃቸው ያልተጠቀሙበትን ንግግር በሙሉ ክብሩ አወጡት።

"ስለ ጥሩምባዋ እንኳ... ከዘመድ ጋር መክረን እንነግራችኋለን።"

ይህ ከሆነ ወር አለፈው። ሠርጉ ተቃርቧል። እኔም ሀዋሳን በመስኮት እየጮህኩ፣ ለባጃጁ ሁሉ በአፌ "ጲጵ! ጲጵ!" እያልኩ እየነዳሁ ነው። ፍሬቻ ግን አበራለሁ፤ ግቢያችን ውስጥ ስታጠፍ ሳይቀር አበራለሁ።

ባለፈው እሁድ ጨነቀኝና ሽማግሌ ላክሁ። አጎቴ ዳንጊሶና ጋሽ ጴጥሮስ በሚኒባስ ሄዱልኝ። በሩ ላይ ዝቅ ብለው ቆመው፣ "ቁጭ በሉ" ሲባሉ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው፣ ጥሩምባዋን ለአስካለ በወግ በማዕረግ ጠየቁልኝ። ጋሽ ዘለቀ ሁሉንም በጥሞና ሰሙና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ አሉ፤ "ልጁ ካቻቢቴውን ጥሏል?"

ሽማግሌዎቼ እርስ በርስ ተያዩ። ሃላሌ ነዋ፣ ምን ያድርጉ! "አልጣለም" አሉ።

ሌላ ቀጠሮ ሰጧቸው።